የግራ ኪስ

ለታሪክ ይመዝገብ፣ ለትውልድም ይተላለፍ፦ ሣሩ ቢጫ መሆን በጀመረበት ሰሞን፣ ኪርጊዝ አገር ከናሪን ወንዝ በላይ ባለችው መንደራችን፣ የቡቡሳይራ አፓ አረንጓዴ ሹራብ የግራ ኪስ ጠፍቶ ተገኘ። አፓ የምንለው ትልልቅ ሴቶችን ነው። ሹራቡ ከነቀኝ ኪሱ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ግራው በነበረበት ግን አራት ማዕዘን ቀዳዳ ተከፍቶ ነፋስ ይገባበትና ይወጣበት ነበር።

«የሰው ያለህ!» አለች ቡቡሳይራ አፓ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ። «ኪሴን! ኪሴን ወሰዱት! ላሜን ቢወስዱ ይሻለኝ ነበር!»

«ላም የለሽም እኮ!» አለች ጎረቤቷ ዙራ አፓ ከማዶ።

«ቢኖረኝ ማለቴ ነው፤ አንቺ ደግሞ!»

መንደሩ ሌባውን ፍለጋ ወጣ። እኔ ግን አልወጣሁም፤ ሌባውን አውቀዋለሁ። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከኩበት ክምሩ ኋላ ተደብቄ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። አጎቴ ኢሪስቤክ ነው። በትንሽ መቀስ ኪሱን ከነጀርባው ቀርጥፎ፣ እንደ ጫጩት በእፍኙ ይዞ፣ ሸሚዙ ውስጥ ከቶት እያፏጨ ሄደ።

አጎቴ ሠዓሊ ነው። ሌኒንግራድ ሄዶ ዓመታት ሙሉ የሌኒንን ግንባር መሳል ተማረ። ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ግንባሩ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ብቻ ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር አሉ። በተመረቀ ማግስት አገር ፈረሰ፣ ሌኒን ከሥራ ተሰናበተ፣ አጎቴም አብሮት ተሰናበተ። ከዚያ በኋላ ቢሽኬክ ውስጥ ለሉካንዳ ቤቶች የሙክት ሥዕል እየሳለ ይኖር ነበር። ሙክቶቹ ሁሉ ሰፊ ግንባር ነበራቸው ይባላል።

ወደ መንደር የተመለሰው አያቴ አይምካን የሞተች ጊዜ ነው። ተመለሰ ከተባለ። በረዶው የዶሎንን የተራራ ማለፊያ ዘግቶት ስለነበር የደረሰው ከተቀበረች በኋላ ነው። እናትና አባቴ የከተማ ገበያ ላይ የቻይና ጫማ ስለሚቸበችቡ እኔ ያደግሁት አያቴ ጋ ነበር፤ የሞተች ዕለት ግን ልጅ አይይ ብለው ታችኛው መንደር ዘመድ ቤት ላኩኝ። ስመለስ አያቴ የለችም፤ አጎቴ አለ። በልጅ አእምሮዬ አንዷ ሄዳ በምትኳ ሌላው የተሰጠን መሰለኝ። የከሰርንበት ልውውጥ ነው። አያቴ ከግራ ኪሷ ቁሩት አይጠፋም፤ ከእርጎ ተጨምቆ፣ ጨው ጠጥቶ፣ ፀሐይ ላይ የደረቀ፣ ጥርስ የሚፈትን ነጭ ኳስ። ባለቀስኩ ቁጥር አንድ ትሰጠኛለች። አጎቴ ኪስ ውስጥ ያለው ሲጋራ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። አያቴም አረንጓዴ ሹራብ ነበራት። ግን የመንደራችን ሱቅ አንድ ዘመን አረንጓዴ ሹራብ ብቻ አምጥቶ ስለነበር አሮጊት ሁሉ አረንጓዴ ነበር። እኔ እንዲያውም ሰው ሲያረጅ የሚያወጣው ቀለም ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ። ታናሿ አክስቴ ጉልሱን ልታገባ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ሙሽራ እናቷ የሠራችላትን የሱፍ ምንጣፍ ሳትይዝ ከቤት አትወጣም። ይሄ ምንጣፍ አይሸመንም፤ የተነደፈ ሱፍ በሸምበቆ ሰሌን ላይ ይነጠፋል፣ ፍል ውሃ ይጠጣል፣ ከነሰሌኑ ይጠቀለላል፣ እርስ በርሱ እስኪያያዝ ይረገጣል። አያቴ ሱፉን አጥባና ነድፋ በከረጢት አስቀምጣ ነበር። ምንጣፉን ሳትጀምር ሄደች።

የጉልሱን የወደፊት አማት ካሊፓ አፓ ናት። ካሊፓ አፓ የታላቅ ልጇን ሚስት ምንጣፍ «ዳሩ ላልቷል» ብላ ከነተሸካሚው የመለሰች ሴት ናት። ለእኛም ላከችብን፦ «ምንጣፉን አይቼ ነው ቀን የምቆርጠው። የፋብሪካ እንዳታሳዩኝ።» ሙሽራው ከበረዶው በፊት ለሥራ ሩሲያ ይሄዳል። ሳያገባ የሄደ ወንድ ምን እንደሚሆን መንደራችን በደንብ ያውቃል፤ ደብዳቤ ይሆናል፣ ከዚያ ደብዳቤም አይሆንም። ጉልሱን ሌሊት ሌሊት የምታለቅሰው ለዚህ ነበር።

የመንደሩ ሴቶች መከሩ።

«እኛ እንሠራላታለን» አለች ዙራ አፓ። «አይምካን እህታችን ነበረች።»

«እኔ እሠራዋለሁ» አለ አጎቴ።

«ማን? አንተ?»

«እኔ።»

«ወንድ ልጅ ሱፍ ላንጥፍ ይላል! ሰማሽ ቡቡሳይራ?»

«ሰማሁ። ቀሚስም እንስጠው?»

«አጭር እንዳይሆንብኝ» አለ አጎቴ፣ ሲጋራውን እየለኮሰ።

ተሳሳቁ። ሰው እየሳቀ ነገሩ ተቆረጠ። ጉልሱን ብቻ አልሳቀችም።

እንግዲህ ኪሱ የጠፋው ከዚህ በኋላ ነው። ከኪሱ ቀጥሎ የአንዷ የራስ መሸፈኛ ጫፍ ጠፋ፤ ከዚያ የሌላዋ ሰደርያ ጀርባ። በሄድኩበት የማወራው እንጂ የሚያወራኝ ስላልነበር፣ የማውቀው ሁሉ ከአጥር ሥር የተሰማ ነበር። አጥር ሥር የሰማሁትም ይሄ ነው፤ «የሰው ልብስ ቆርጦ የሚወስድ ሰው፣ መድኃኒት ሊያደርግበት ነው።» ገባኝ። አጎቴ ከሌኒንግራድ የተማረው ግንባር ብቻ አይደለም። በመንደሩ አሮጊቶች ላይ መድኃኒት አድርጎ፣ በሙሉ ሙክት ሊያደርጋቸው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስቱንም ቀሚሶቼን ደርቤ መልበስ ጀመርኩ። የሚቆርጠው ቢቆርጥ የላዩን ነው።

«ኑሪላ» አለኝ አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን፣ ፊቴ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ላብ ሲያንጠባጥብ አይቶ። «ምነው ወፈርሽ?»

«ብርድ ነው።»

ፀሐይዋን አየ። እኔን አየ። «አዎ፣ ይበርዳል» አለና ዳቦዬ ላይ ቅቤ ጨመረልኝ። እያደለበኝ እንደሆነ አልጠረጠርኩም አልልም።

ከዚያ ደግሞ ዙራ አፓና ቡቡሳይራ አፓ የውሃ ቦዩ ዳር ሲንሾካሾኩ ደረስኩባቸው።

«የኔን መች ነው የሚወስደው? ዘለለኝ እኮ!» አለች ዙራ አፓ።

«ሳጥን ውስጥ ቆልፈሽበት በምን ያግኘው? አውጥተሽ አስጪው እንጂ!»

«ዝም ብዬ ብሰጠውስ?»

«አብደሻል? ገመድ ላይ አድርጊው። ዞረሽ ተቀመጪ።»

ወጥመድ! አጎቴን ሊይዙት ነው። መድኃኒተኛ ይሁን እንጂ አጎቴ ነው፤ ቅቤም ይጨምርልኛል። ሮጬ ልነግረው ስል ግን ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። የዙራ አፓ ቡናማ ካፖርት ገመዱ ላይ ይወዛወዛል። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ድንች ትልጣለች። አጎቴ አጥሩን ዘሎ ገባ፤ ሲዘል ባልዲ ረገጠ፤ ባልዲው እንደ ደወል ተንኳኳ። ዙራ አፓ አልዞረችም። መቀሱ ወፍራሙን እጅጌ አልቆርጥ ብሎ ሲንገጫገጭ ዙራ አፓን ሳል ያዛት። እንዲህ ያለ ሳል ሰምቼ አላውቅም። ሳለች፣ ሳለች፣ እጅጌው እስኪወድቅ ሳለች። አጎቴ አጥሩን ዘሎ ሲወጣ ጸጥ አለች። ከዚያ ድንቿን አስቀምጣ፣ እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ ተነሥታ፣ «ሌባ! ሌባ! እጅጌዬን!» ብላ መንደሩን አናወጠችው።

ምን ዓይነት ደንቆሮ አሮጊት ናት አልኩ።

ምንጣፉ የተነጠፈ ዕለት ጉልሱን ከቤት ወጥታ አየችው። ነጩ ሱፍ ላይ አያቴ ብትሆን የበግ ቀንድ ሥዕል ታደርግበት ነበር፤ የእኛ ምንጣፍ ያለ ቀንድ ምንጣፍ አይባልም። አጎቴ ግን ቀንዱን ትቶ የሌብነት ፍሬውን በየቦታው በትኖታል። እላዩ ላይ እንደ ጭጋግ የሳሳ ሱፍ እየበተነ ነበር። መሃል ላይ ኪሱ። ጉልሱን አፏን በእጇ ያዘች። ቆይታ ማልቀስ ጀመረች። ትዳሯ ሲፈርስ እያየች ነው ብዬ እኔም አለቀስኩ።

«ኢሪስ» አለች በመጨረሻ። «ካሊፓ አፓ ምን ትላለች? አንድ ቀንድ እንኳ የለውም። አንድ!»

«እማዬ ቀንድ ነበራት እንዴ?»

«አትቀልድብኝ! ሰው ምን ይላል? ሩሲያዊ ሆኖ መጣ ነው የሚሉህ።»

«እዚያ ሳለሁ አስተማሪዬ 'ምነው ሥዕልህ ቀንድ የለውም፣ የኪርጊዝ ነገር አሳየን እንጂ' ይለኝ ነበር። እዚህ ደግሞ ሩሲያዊ ነህ ትሉኛላችሁ። እኔ እኔን የምሆነው መንገድ ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው አውቶቡስህ ውስጥ ዳረኛ!»

በሩን በላዩ ላይ ዘጋችው። አጎቴ ተንበርክኮ ፍል ውሃውን መርጨት ቀጠለ። አያቴ ስለ ቀንድ ጉዳይ ለምን እንደተነሣች ብዙ ቀን አወጣሁ አወረድኩ።

ጥቅልሉን የሚጎትት ፈረስ ሊያበድረው የፈቀደ ወንድ አልነበረም፤ የሴት ሥራ የሚሠራ ወንድ ለፈረስም መጥፎ አርአያ ነው። ስለዚህ አጎቴ ጥቅልሉን በገመድ ከአሮጌ ላዳው ኋላ አሰረውና በመንደሩ ዋና መንገድ ላይ መንዳት ጀመረ። ላዳዋ ታነክሳለች፣ ጥቅልሉ ይዘላል፣ ውሻው ሁሉ ከኋላ ነው። ወንዶቹ አጥር ተደግፈው ይስቃሉ። ሁለተኛውን ዙር ሳይጨርስ ቡቡሳይራ አፓ ከነምርኩዟ መሃል መንገድ ላይ ቆመች።

«አቁም!»

አቆመ።

«ይሄን የተማርከው ዩኒቨርሲቲ ነው? ሱፍ ቤንዚን አይገባውም። እግር ነው የሚገባው። ፍታው!»

ፈታው። ሴቶቹ ከየቤቱ ወጡ፤ ማን እንደጠራቸው አላውቅም። ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው በመስመር ቆሙና ጥቅልሉን በእርግጫ ማንከባለል ጀመሩ።

«ይሄ ለኪሴ!» አለች ቡቡሳይራ አፓ።

«ይሄ ለእጅጌዬ!»

«ወገብሽ እንዳይቀጭ፣ አንቺ አሮጊት!»

«ላንቺ ወገብ እዘኚ! የኔ ገና ባል ያገባል!»

እየሳቁ፣ እየተሰዳደቡ፣ መንገዱን ሙሉ ሄዱበት፤ ተመለሱበት። አጎቴ ፍል ውሃውን እየጨመረ ከኋላ ከኋላ ይከተላል። በቀል ነው አልኩ። የሰረቃቸውን ነገር እየደበደቡት ነው፤ ይበለው፤ እሰይ። ቡቡሳይራ አፓ ግን እየረገጠች ታለቅስ ነበር፤ እንባዋ አገጯ ላይ እየተንጠለጠለ። ኪሷን እንዴት ብትወደው ነው ብዬ አዘንኩላት።

ነገሩን ያቃናችልኝ ራሷ ቡቡሳይራ አፓ ናት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ ጋዜጣ ላይ ሰው እያበሸቅሁ እንጀራዬን መብላት ከጀመርኩ በኋላ አንድ ክረምት ልጠይቃት ሄጄ ነው።

«የሞተች ሴት ልብስ ላጠቧት ሴቶች ነው የሚሰጠው፤ ይሄ እንኳ አይጠፋሽም» አለችኝ። «አያትሽን ያጠብናት እኛ ነን። ሹራቧ ለኔ ደረሰኝ፣ ካፖርቷ ለዙራ። ልጇ ሲደርስ ሁሉም ተከፋፍሎ አልቋል። አንድ ክር የእናቱ ነገር አላገኘም። መልሱልኝ እንዳይል፣ የሙት ስጦታ መልስ አይባልም፤ ነውር ነው። ከነውርም ነውር።»

«ታውቁ ነበር ማለት ነው?»

«ኪሴ አጠገብ መቀስ ሲንቀጨቀጭ የማልሰማ ምን ሆኜ ነው? በመስኮት እያየሁት ነበር። ወተቴ ገንፍሎ ምድጃዬን አጠፋው እኮ!»

«ታዲያ ለምን ሌባ ብለሽ ጮኽሽ?»

እንደ ሞኝ አየችኝ፤ ተምራ ተምራ እንደ ደነቆረች ልጅ።

«ካልጮኽኩማ ሰጪ ነኝ። እኔ ሰጪ ከሆንኩ እሱ ለማኝ ነው። የአይምካን ልጅ ደጄ ላይ ይለምን? ሌባ ይባልልኝ።»

ያን ዕለት ግን ይሄን ሁሉ አላውቅም። ካሊፓ አፓ ስትመጣ ሦስት ቀሚስ ለብሼ በሩ ጥግ ቆሜያለሁ።

ሁለት ሴቶች አስከትላ፣ ነጭ ሻሽዋን እስከ ቅንድቧ አስራ መጣች። ሻይ ቀረበ፤ አልቀመሰችም። በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ቦርሶክ ቀረበ፤ አንድ ቆርሳ አስቀመጠችው። የመንደራችን ሴቶች በግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። ጉልሱን እንደ ግድግዳው ነጭ ሆናለች። አጎቴ ደፉ ላይ ቆሟል።

«አምጡት» አለች ካሊፓ አፓ።

ምንጣፉ ተዘረጋ። ጨርቁና ሱፉ አንድ ሆነዋል፤ የት ላይ አንዱ አልቆ የት ላይ ሌላው እንደሚጀምር አይታወቅም። እጅጌው እንደ ጥላ ሆኖ ተዘርግቷል። አረንጓዴው ኪስ መሃል ላይ ነው፤ አፉ ክፍት።

ካሊፓ አፓ ዞረችው። አንዴ። እንደገና።

«ቀንዱ የታል?»

ጎንበስ ብላ ዳሩን በጣቷ ዳሰሰች።

«ዳሩስ? ይሄ ምንድን ነው፣ እጅጌ? ይሄስ? ምንጣፍ ላይ ኪስ? እኔን ምን አድርጋችሁ ነው? ማነው የሠራው?»

«እኔ» አለ አጎቴ።

«አስረዳኝ።»

ሲጋራውን አየ። ጉልሱን ቀስ ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። ያኔ ነው ቡቡሳይራ አፓ ከግድግዳው ሥር የተነሣችው።

«ኪሱ የኔ ነው» አለች። «ሰርቆኝ ነው።»

«እጅጌው የኔ ነው» አለች ዙራ አፓ። «እኔንም ሰርቆኛል።»

«እኔንም» አለች ሌላዋ። «እኔንም።»

«የሌባ ቤት ነው ያመጣችሁኝ?» አለች ካሊፓ አፓ፣ ግን ድምጿ መሃል ላይ ዘገየ። ሴቶቹን አየች፤ በየተራ። የተነሡት ሁሉ አያቴን ያጠቡት ናቸው። ምንጣፉን አየች። ጉልበቷን እየደገፈች ቀስ ብላ ተንበረከከችና እጇን ኪሱ ውስጥ ከተተች።

ቆየች። እጇ እዚያው ነው። የሆነ ነገር የምትፈልግ መስሎኝ ልረዳት ፈለግኩ።

«ምንም የለበትም!» አልኩ ከጥጌ። «እኔ አይቻለሁ፣ ባዶ ነው!»

«አውቃለሁ ልጄ» አለች። እጇን አላወጣችም። «አንድ ጊዜ አውራ መንገዱ ላይ መኪና ስንጠብቅ፣ ብርድ ነበር፣ ከዚህ ኪስ ቁሩት አውጥታ ሰጥታኛለች። ጥርሴን ሰበረችኝ፣ ነፍሷን ይማረውና።»

ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የሴቶቹ አፍንጫ ብቻ ነበር። ካሊፓ አፓ ተነሥታ ሻሽዋን አስተካከለች።

«እዚህ ላይ ማን ይቀመጣል? እናት ላይ አይቀመጥም። ቤቴ ስትገባ ግድግዳ ላይ ትሰቅለዋለች። ሻዩ ቀዝቅዟል፤ ለውጡልኝ። ቀን እንቁረጥ።»

ያን ዕለት ሁለቱን ቀሚሶች አወለቅሁ።

ባለፈው ዓመት ምንጣፉ ከጉልሱን ግድግዳ ወርዶ ቢሽኬክ ውስጥ በአንድ ትልቅ አዳራሽ ለእይታ ቀረበ። አጎቴ ዛሬ ስመ ጥር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሲሠራ የኖረው ይሄንኑ ነው፤ ሰው የለበሰውን ልብስ ከሱፍ ጋር ማጋባት። ስለ እሱ የጻፈ አንድ መጽሔት «ሠዓሊው ምንጣፉን ከወለል ወደ ግድግዳ በማንሣት የአባቶችን ወግ በድፍረት ተገዳድሯል» ይላል። ያ ድፍረት የካሊፓ አፓ ነበር። ከመቃብሯ ብትነሣ ጸሐፊውን ዳሩ ላልቷል ብላ ከነተሸካሚው ትመልሰው ነበር።

አጎቴ ነጭ ባርኔጣውን ደፍቶ ምንጣፉ ፊት ቆመ። «አይንኩ» የሚል ጽሑፍ አጠገቡ ተለጥፏል። ግራና ቀኝ አየ። እጁ ወደ ኮቱ ኪስ ገባ። የአዳራሹ ኃላፊ፣ ነጭ ጓንት ያጠለቀ ወጣት፣ ከወዲያ በኩል ወደ እኛ እየመጣ ነበር። ጀርባዬን ለአጎቴ ሰጠሁና ሳልኩ። ሰው ሁሉ እስኪዞር፣ ወጣቱ ቆሞ ውሃ ላምጣልሽ ወይ እስኪለኝ ሳልኩ።

ዞር ስል አጎቴ እጁን ከምንጣፉ ኪስ እያወጣ ነው። ጣቶቹ ላይ ነጭ ዱቄት አለ። አየሩ ላይ ስስ የጎምዛዛ ጨው ሽታ።

ወጣቱም አየ።

«አባቴ! ምን ከተቱበት? ብል ይገባበታል እኮ! ይሄ ቅርስ ነው!»

አጎቴ ጣቶቹን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ይቅርታ፣ ግን ደንብ ነው» አለ ወጣቱ። «ምን እንደሆነና ለምን እንዳስገቡት ማስረዳት ይኖርብዎታል።»

«አላስረዳም» አለ አጎቴ።